ከማደስ በፊት ማድረቅ፦ ስለ አሮጌው የወላጆች ቤት

ጥያቄ፦ ወላጆቻችን የሠሩት ቤት ዕድሜው ከ60 ዓመት ይበልጣል። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ከ15 ዓመት በፊት ግድግዳውን ከውጭም ከውስጥም በሲሚንቶ አስለሰንነው። አሁን ልስኑ ከታች እየተሰነጠቀ ይረግፋል፤ ቀለም በቀባን ቁጥር ይላጣል። ክፍሎቹ ጨለማ ናቸው፤ መጸዳጃና መታጠቢያው ግቢ ውስጥ ነው። እናታችን 78 ዓመቷ ነው፤ «ከዚህ ቤት አልወጣም፣ የመኝታ ቤቴንም መስኮት አትንኩብኝ» ትላለች። እኛ ልጆቿ ቤቱ መታጠቢያ ቤት፣ ዘመናዊ ማእድ ቤት፣ የሴራሚክ ወለልና ሰፋፊ መስኮቶች እንዲኖሩት እንፈልጋለን። ያማከርነው ተቋራጭ «የጭቃ ቤት አይታደስም፣ አፍርሳችሁ በብሎኬት ሥሩ» አለን። እህት ወንድሞቼ በሁለት ሐሳብ ተከፍለዋል። ምን ይሻለናል?

ምላሽ፦

የጻፉትን ደጋግሜ ሳነበው ዓይኔ ያረፈው «ከታች» በምትለው ቃል ላይ ነው። ልስኑ የሚረግፈው ከታች ከሆነ፣ ቀለሙም የሚላጠው እዚያው አካባቢ ከሆነ፣ ግድግዳው ውስጥ ውሃ ታስሯል። መስኮቱም ሴራሚኩም መታጠቢያ ቤቱም ለጊዜው ይቆዩን። ቤቱ መጀመሪያ መድረቅ አለበት። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የተሠራ እድሳት የቱንም ያህል ቢያምር በጥቂት ዓመታት ውስጥ መላጡ አይቀርም፤ ያወጣችሁበት ገንዘብም አብሮት ይረግፋል።

ውሃው እንዴት እንደታሰረ ላስረዳ፤ ይህን የተረዳ ሰው ቀሪውን ሥራ ራሱ ሊመራው ይችላል። የጭቃ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል። በድንጋዩና በአፈሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ከመሬት ሽቅብ ይስባል፤ ከዝናብ፣ ከማብሰያ እንፋሎትና ከሰው ትንፋሽም ይቀበላል። የጠጣውን ደግሞ በፀሐይና በነፋስ መልሶ ይሰጣል። የእናትዎ ቤት ከመለሰኑ በፊት 45 ዓመት በደህና የቆመው በዚህ መቀበልና መመለስ ነው። የሲሚንቶ ልስን ሲደረብበት መመለሻው ይዘጋል። በዚያ ላይ ሲሚንቶ ግትር ነው፤ ጭቃና እንጨት ግን በእርጥበት ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። አብረው መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ልስኑ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ዝናብ በእነዚያ ስንጥቆች ይገባል፤ የገባው ግን በቀላሉ አይወጣም። ከግድግዳው እግር ይጠራቀማል፣ ጭቃውን ያላላዋል፣ ቀጥሎ የቋሚዎቹን እግር ይይዛል። እንጨት በውስጡ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ አይበሰብስም ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ረጥቦ ሲቆይ ግን ፈንገስ ይነሳበታል፤ ምስጥም ይከተላል።

ይህን በገዛ እጄ ሥራ ነው የተማርኩት። በሙያዬ መጀመሪያ ዓመታት የእናንተን ዓይነት ቤት በሲሚንቶ አስለስኜ አስረክቤ ነበር። ባለቤቶቹ ደስ አላቸው፤ እኔም ኮራሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተጠርቼ ልስኑን ስከፍተው ከጀርባው ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ በእጅ ይጨበጥ ነበር። የማእዘኑ ቋሚ እግር በጣቴ ተፈረፈረ። ያ ቤት እኔ ባልነካው ኖሮ ገና ብዙ ዓመት ይቆም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ትልልቅ ሕንፃዎችም ይህንኑ ዕጣ አይተዋል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ታኦስ አጠገብ ያለው የሳን ፍራንሲስኮ ደ አሲስ ቤተ ክርስቲያን ከጭቃ ጡብ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በየጊዜው መለሰኑ እንዲቀር ተብሎ በሲሚንቶ ተለሰነ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ የታሰረው ውሃ ግድግዳውን ስለጎዳው ሲሚንቶው ተነቅሎ ወደ ጭቃ ልስን ተመለሰ። ምእመናኑ አሁንም በየዓመቱ ተሰብስበው በጭቃ ይለስኑታል። «የጭቃ ቤት አይታደስም» ላሏችሁ ተቋራጭ ደግሞ የየመኗን ሺባም ማስታወስ ይበቃል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ከተማ ናት፤ በጭቃ ጡብ ፎቆቿ ውስጥ ሰዎች ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። የጭቃ ቤት ይታደሳል። የሚጠይቀው ጭቃን የሚያውቅ እጅ ነው።

ይህን ስል ማፍረስ ፈጽሞ ትክክል አይሆንም ማለቴ አይደለም። እንድትለኩ የምፈልጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ቱንቢ አንጠልጥላችሁ ግድግዳው ምን ያህል እንዳጋደለ ተመልከቱ፤ ያፈነገጠው ከውፍረቱ አንድ ሦስተኛ ከበለጠ ወይም መሐሉ ወደ ውጭ ካበጠ አደገኛ ነው። ሁለተኛው የቋሚዎቹ ጤንነት ነው። በማእዘኖቹ፣ በበሩ ግራና ቀኝ እና አሸንዳው በሚያፈስበት በኩል ልስኑን ከጉልበት በታች በትንሹ ክፈቱና እንጨቱን በወስፌ ውጉት። ጤነኛ ከሆነ ወስፌው ጫፉን ብቻ አስገብቶ ይቆማል፤ ከበሰበሰ ያለ ጉልበት ይሰጥማል። አብዛኞቹ ቋሚዎች ከጉልበት በላይ ድረስ በስብሰው ከተገኙ ተቋራጩ ልክ ነው፤ የቀድሞውን ቤት ቅርጽና መጠን ጠብቃችሁ እንደ አዲስ መሥራት ይሻላል። የበሰበሰው እግራቸው ብቻ ከሆነ ግን ይጠገናል፤ ከጻፉት ተነሥቼ ስገምት የእናንተም እንዲህ ነው። ወስፌና ቱንቢ ሳያነሣ «ይፍረስ» የሚል ሰው ቤቱን ገና አልመረመረውም።

ማድረቁ ከላይ ወደ ታች ነው የሚኬደው። ክዳኑ ያፈሳል? ምስማሮቹ ላልተዋል? ክፈፉ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ወጥቶ ዝናቡን ያርቃል? አሸንዳው ውሃውን የሚጥለው ከቤቱ ርቆ ነው ወይስ ግድግዳው ሥር? ከዚያ መሬቱን ተመልከቱ። በአሮጌ ቤቶች ዙሪያ መሬቱ በዓመታት ውስጥ ከፍ ይላል፤ አፈር ይደለደላል፣ አበባ ይተከላል፣ ግቢው በሲሚንቶ ይነጠፋል። ብዙ ጊዜ የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል በልጦ አገኘዋለሁ። የድንጋይ መሠረቱ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ከመሬት በላይ እስኪታይ ድረስ አፈሩን አንሡ፤ ዝናብ ከመሬት ሲነጥር ጭቃውን ሳይሆን ድንጋዩን ይምታ። ነገር ግን ከመሠረቱ ግርጌ በታች በፍጹም አትቆፍሩ። መሬቱ ከግድግዳው ጀምሮ በ3 ሜትር ርቀት 15 ሴንቲሜትር እንዲያዘቀዝቅ አድርጉ። ግድግዳው ድረስ የተጠጋ የሲሚንቶ ንጣፍ ካለ ግማሽ ሜትር ስፋት ቁረጡና በጠጠር ተኩት። የአበባ መደቡም ይራቅ፤ አበባው ውሃ በጠጣ ቁጥር ግድግዳውም ይጠጣል።

ቀጥሎ የታችኛውን አንድ ሜትር የሲሚንቶ ልስን ከሁለቱም በኩል አንሡ። በመዶሻ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ ከሚሰጠው ቦታ ጀምሩ። በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አይሞከር፤ ንዝረቱ ጭቃውን ከማገሩ ያላቅቀዋል። በላይኛው ክፍል በደንብ የያዘ ልስን ካለ በኃይል አትገንጥሉት፤ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። እሱን ሌላ ጊዜ ማንሣት ይቻላል። ከዚያ ጠብቁ። ቤተሰብ ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ግድግዳው ተገላልጦ ማየት ያሳፍራል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ሠራተኛው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ቢሆንም ቢያንስ አንድ ሙሉ ደረቅ ወቅት ስጡት። ገና በውስጡ ውሃ የያዘ ግድግዳ ላይ መለሰን ቁስልን ሳያጥቡ እንደማሰር ነው።

በዚህ የጥበቃ ጊዜ የቋሚዎቹ እግር ይጠገናል። በአንድ ጊዜ አንድ ቋሚ ብቻ ይነካ፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች በአንድ ቀን ፈጽሞ አይነኩ። ክዳኑ በጠንካራ ድጋፍ ተይዞ የበሰበሰው ክፍል ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል፤ አዲሱ እግር ከላይኛው ጋር በተደራረበ መጋጠሚያ በቡሎን ይታሰራል፤ ታቹ አፈር ሳይነካ ከመሬት ከፍ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ይህ የአናጢ ሥራ ነው፤ ልምድ ያለውን ፈልጉ።

አሁን ወደ ልስኑ እንሂድ። የምመክረው የታችኛው ንብርብር ጭቃ፣ አሸዋና የተከተፈ ጭድ ሆኖ ላዩ በኖራ እንዲጨረስ ነው። የኖራ ነገር ልብ ይነካኛል። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ በውሃ ተቦክቶ ግድግዳ ላይ ሲለሰን ያንኑ ጋዝ ከአየር ቀስ በቀስ መልሶ እየወሰደ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ሲጠነክርም ቀዳዳዎቹ አይዘጉም፤ ዝናቡን ይመክታል፣ የግድግዳውን እርጥበት ያስወጣል። የፖርትላንድ ሲሚንቶ የፈጠራ መብት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው፤ ከዚያ በፊት ለሺህ ዓመታት የሰው ልጅ ግንቡን የያዘው በኖራና በጭቃ ነበር።

የጭቃው ድብልቅ ከአፈር አፈር ስለሚለያይ ቁጥር አልሰጣችሁም፤ መሞከር ይሻላል። አሸዋውን እያበዛችሁ አራት ወይም አምስት ዓይነት ድብልቅ አቡኩና እያንዳንዱን ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር በሚሆን ቦታ ግድግዳው ላይ ለስኑት። ሲደርቅ የተሰነጠቀው ሸክላው በዝቶበታል፤ በእጅ ሲዳሰስ የሚረግፈው አሸዋው በዝቶበታል። ሳይሰነጠቅም ሳይረግፍም የቀረው የእናንተ ነው። ለኖራው አንድ እጅ የቦካ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ የተለመደ መነሻ ነው። ከታች ያለው የጭቃ ልስን ሳይለሰልስ መቧጨር አለበት፤ አለበለዚያ ኖራው አይይዝም። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ አታወፍሩት። ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው እርጥብ ጨርቅ ጋርዱለት፤ ለጥቂት ቀናትም ውሃ ርጩት። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ መነጽርና ጓንት የግድ ናቸው። ሲያልቅ የዘይት ወይም የፕላስቲክ ቀለም አትቀቡት፤ ያ ሁሉ የደከማችሁበትን መተንፈሻ ይዘጋዋል። የኖራ ቀለም ቀቡት። በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል፤ አንድ ሰው በጥቂት ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ስለ መታጠቢያ ቤቱ ሐሳቤ ቁርጥ ያለ ነው፦ አሮጌው ቤት ውስጥ አታስገቡት። ውሃ የሚነካው ነገር ሁሉ፣ መታጠቢያውም መጸዳጃውም ማእድ ቤቱም፣ ከቤቱ ጀርባ በአዲስ መሠረት ላይ በሚቆም አንድ ትንሽ ቤት ጀርባ ለጀርባ ይሰባሰብ። ይህን አዲስ ክፍል ደግሞ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አታጣብቁት። አዲስ መሠረት ይሰምጣል፤ የቆየው ሰምጦ ጨርሷል፤ ከተጣበቁ መገናኛቸው መሰንጠቁ አይቀርም። በመሐል አንድ ሜትር ያህል ክዳንና በር ያለው መተላለፊያ ይኑር። እናትዎ ከመኝታ ክፍላቸው ወጥተው ዝናብ ሳይነካቸው ይደርሳሉ፤ አንድ ቀን ቧንቧ ቢፈነዳም የሚረጥበው ብሎኬት እንጂ የአባትዎ ጭቃ አይደለም። ብሎኬትና ሴራሚክ ቦታቸው እዚያ ነው፤ ተቋራጩም ችሎታውን እዚያ ያሳያችሁ። የመጸዳጃ ፍሳሽ ቧንቧው 110 ሚሊሜትር ይሁን፤ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲሜትር ያዘቅዝቅ። ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ካለ የፍሳሹ ማስረጊያ ከእሱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የውሃ ማጠራቀሚያውንም አሮጌው ጣሪያ ላይ አትስቀሉ፤ 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ለብቻው ማቆሚያ ይሠራለት።

ሴራሚኩን በተመለከተ አሮጌው ክፍል ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። ወለሉ በሙሉ በሲሚንቶና በሴራሚክ ሲዘጋ ከሥር የሚነሣው እርጥበት ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ግድግዳው ውስጥ ይወጣል፤ ስናደርቅ የከረምነውን ግድግዳ እንደገና ማጠጣት ነው። ወለሉ መቀየር ካለበት ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ንጹሕ ጠጠር ከሥር አንጥፉ፤ ጠጠር ውሃ ሽቅብ አይስብም። ላዩን በኖራና አሸዋ ደልድላችሁ ያልተቀባ የሸክላ ንጣፍ አስቀምጡበት። ለሸመገለ ሰው እግርም ከሚያንሸራትት ሴራሚክ ይሻላል።

ኤሌክትሪኩ ድርድር የለውም። የ60 ዓመት ቤት ሽቦ በሙሉ ይቀየር፤ የምድር መስመርና ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊአምፔር የሚያቋርጥ መከላከያ ይኑረው፤ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ ለየራሳቸው መስመር ያግኙ። ሽቦው ጭቃውን ቦርቡሮ ሳይሆን በቱቦ ግድግዳው ላይ ይሂድ። ኮርኒሱ ግራጫ የአስቤስቶስ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በመጋዝ አትቁረጡት፣ አትስበሩት፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፤ የሚያውቅ ሰው ያንሣው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ በሁለቱም ጫፍ አየር ማስገቢያ ካገኘ የቆርቆሮው ሙቀት በእጅጉ ይቀንሳል።

የግንባታ ፈቃድ ማውጣቱንና የእህት ወንድሞችን ስምምነት በጽሑፍ ማስፈሩን ከሥራው በፊት ጨርሱ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ክዳኑን፣ አሸንዳውንና የመሬቱን ተዳፋት ሠርታችሁ ቁሙ፤ ይህ ብቻ የቤቱን መበላሸት በእጅጉ ያዘገየዋል። ከዚያ ኤሌክትሪኩ፣ ከዚያ መታጠቢያው ይከተል። ልስኑና ወለሉ ቢዘገዩ ማንም አይጎዳም።

የቀረው ጨለማውና መስኮቱ ነው። በእንጨትና ጭቃ ቤት ክዳኑን የተሸከሙት ቋሚዎቹ ናቸው፤ ጭቃው በመሐላቸው የተሞላ ነው። ስለዚህ በሁለት ቋሚዎች መካከል መስኮት መክፈት ይቻላል፤ ቋሚ መቁረጥ ግን ያለ መሐንዲስ አይቻልም። ቤቱን ከማጋደል የሚይዙት ማእዘኖቹ ስለሆኑ እነሱ እንዳሉ ይቆዩ። (ግድግዳችሁ በጭቃ ጡብ የተገነባና ራሱ ክዳኑን የሚሸከም የሆነ አንባቢዎች ጥንቃቄ ይጨምሩ፤ አንድ መስኮት ከ1.2 ሜትር አይስፋ፣ ከማእዘን ቢያንስ 1.2 ሜትር ይራቅ፣ የመስኮቶችና የበሮች ስፋት ተደምሮ ከግድግዳው ርዝመት አንድ ሦስተኛ አይለፍ።) አዲስ ቀዳዳ ከማብዛት በፊት ግን ግድግዳውን ነጭ የኖራ ቀለም ቀቡትና ከውስጥ በሮቹ በላይ መስታወት አስገቡ። ግማሹ ጨለማ በዚህ ብቻ ሲሄድ አይቻለሁ።

የእናትዎን መስኮት ወደ ጎን አታስፉት፤ አትንኩብኝ ያሉት አለምክንያት አይመስለኝም። እሳቸው ከፈቀዱ ብቻ ወደ ታች ማውረድ ይቻላል። ከመስኮቱ በላይ ያለው ጉበን ሳይነካ፣ ስፋቱም ሳይቀየር፣ ከሥሩ ያለው ጭቃና ማገር ይነሣና ታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 60 ሴንቲሜትር ላይ ይሆናል። ያኔ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ሳይነሡ፣ ግቢያቸውን ያያሉ።